የመንደር ክሪኬት ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ እንግሊዝ የመንደር ክሪኬት የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ወዳጆቼ እየተቀባበሉ ላኩልኝ። ጸሐፊው እዚሁ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ሐበሻ ናቸው። የሥራ ባልደረባቸው አንድ ቅዳሜ ግጥሚያ ጋበዛቸው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሜዳ ዳር ተቀምጠው ዋሉ። ቤታቸው ሲገቡ ብዕራቸውን አነሱና ጨዋታውን ልክ ልኩን ነገሩት። ጽሑፉ አስቆኛል፤ መቼም መጻፉን ያውቁበታል። እኔ ግን ሃምፕሻየር ውስጥ ላለ የመንደር ክለብ በሦስተኛው ቡድን የምጫወት ሰው ነኝና ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

ክሳቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ምንም አይፈጠርም። የሽማግሌዎች መዝናኛ ነው። ዳኞቹ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ስለሆኑ ማጭበርበር ነው። የጌቶች ጨዋታ ስለሆነ ለእኛ ቦታ የለውም። የሰው መስኮት እየሰበሩ ይጫወታሉ። ወንዶቹ ሲጫወቱ ሴቶቹ ሳንድዊች ይሠራሉ። ምክራቸው ደግሞ፦ «ኳስ ካማራችሁ እግር ኳስ ተጫወቱ።»

በመንደር ክሪኬት የሚያናድድ ነገር የለም ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ሞልቷል። እኔን የከነከነኝ ጸሐፊው ከቆጠሯቸው ጉዳቶች አብዛኞቹ ጉዳት አለመሆናቸው ነው። ዋና ዋናዎቹን ደግሞ ጭራሽ አላዩዋቸውም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ምንም አልተፈጠረም»

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። በየቡድኑ 11 ሰው አለ። አንዱ ቡድን ይመታል፤ ሌላው ይወረውራል፣ የተመታውን ያሳድዳል። ሜዳው መሃል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ሣሩ በደንብ የታጨደ ቦታ አለ። በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። ወርዋሪው እንጨቱን በኳስ ሊመታ ይሞክራል፤ መቺው ባት በሚባል መምቻ ይከላከላል። መቺው ኳሷን መትቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሮጠ ቁጥር አንድ ረን ያገኛል። ኳሷ እንጨቱን ከመታች፣ ወይም እሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ ወጣ። በእኛ ሊግ እያንዳንዱ ቡድን 40 ኦቨር ይመታል። አንድ ኦቨር 6 ኳስ ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን 240 ኳስ ይወረወራል ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። በእግር ኳስ ጎል የሳተ አጥቂ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ዕድል ያገኛል። እዚህ ከወጣህ ወጣህ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብለህ እንዴት እንደምትመታ ስታልም ትከርማለህ። ቅዳሜ የእግር መከላከያህን ታጥቀህ፣ ጓንትህን አጥልቀህ፣ ሄልሜትህን ደፍተህ ተራህን ትጠብቃለህ። አንዱ ሲወጣ አንተ ትገባለህ። የመጀመሪያዋ ኳስ ትመጣለች። ከኋላህ የእንጨቱን ድምፅ ትሰማለህ። አለቀ። በገባህበት መንገድ ትመለሳለህ፤ ስትመለስ መንገዱ እጥፍ ይሆናል። ጓደኞችህ «ዕድል ነው» ይሉሃል። ዕድል እንዳልሆነ እነሱም አንተም ታውቃላችሁ። ከዚያ የቀረውን ሰዓት ሌሎቹ ሲመቱ እያየህ፣ የተቃራኒው ተራ ሲደርስ ደግሞ ሜዳ ላይ ቆመህ፣ ያቺን አንዲት ኳስ በጭንቅላትህ ደጋግመህ ታያታለህ።

ጸሐፊው «ምንም አልተፈጠረም» ያሉት ይህንን ነው። ከወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩት የቆመ ሰው ነው። ያ ሰው ግን ሳምንቱ በአንድ ኳስ ተበልቶበታል።

ቆሞ መዋሉስ? እሱም ሥራ ነው። ደካማ ተጫዋች ራቅ ወዳለው ጥግ፣ ሳማው አጠገብ ይላካል። (ያንን ጥግ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ።) ግማሽ ሰዓት ኳስ አይመጣም። ሐሳብህ ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ አገር ቤት፣ ወደ እራት ይሄዳል። ድንገት ይጮኻሉ። ቀና ስትል ኳሷ ሰማይ ላይ ናት፤ የምትወርደውም ወዳንተ ነው። ለማሰብ የማይበቃ፣ ለመፍራት ግን የሚበቃ ጊዜ አለህ። ከያዝካት እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ጀግና ነህ። ከጣልካት ማንም አይቆጣህም። ወርዋሪው ዝም ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢሰድበኝ በተሻለ!

«የጡረተኞች ጨዋታ ነው»

ይህችን በአጭሩ። ኳሷ ውስጧ ቡሽ፣ ላይዋ ቆዳ ናት፤ 160 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ስትነካት ድንጋይ በላት። በክለባችን ጣቱ ተሰብሮ የማያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያዊው ፊሊፕ ሂዩዝ ሄልሜት አድርጎ ሳለ አንገቱን ተመትቶ ሞቷል፤ ያውም ታላቅ ባለሙያ።

ሽማግሌዎች መኖራቸው እውነት ነው። እኔ ግን ይህን እንደ ነውር አላየውም። በእኛ ቡድን የ14 ዓመት ልጅና ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ጡረተኛ ፖስተኛ አብረው ይሰለፋሉ። ፖስተኛው መሮጥ አይችሉም። ኳሱን ቀስ አድርገው፣ ከፍ አድርገው ይወረውሩታል። ጎረምሶቹ መቺዎች ሲያዩዋቸው ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ ከሜዳ ውጭ ሊሰዱት ባታቸውን ያወናጭፋሉ፤ ይስታሉ፤ ይወጣሉ። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ቆባቸውን ያስተካክላሉ። ጎረምሳ ትዕቢቱ ሲተነፍስ ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

«ራሳቸው ተጫውተው ራሳቸው ይዳኛሉ»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ዓይናቸው በደንብ አይቷል። በታችኛው ዲቪዚዮን ገለልተኛ ዳኛ የለም። ከሚመታው ቡድን ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነጭ ካፖርት ደርበው ይዳኛሉ። «ታዲያ ይህ ማጭበርበር ካልሆነ ምንድን ነው?» ብለዋል።

መልሱ ቀላል አይደለም። ኤልቢደብሊው የሚባል ሕግ አለ። ኳሷ እግርህን ከመታች ዳኛው «እግሩ ባይኖር ኖሮ እንጨቱን ትመታው ነበር ወይ?» ብሎ መፍረድ አለበት። ያልሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ ብሎ መገመት ማለት ነው። በዓለም ዋንጫ ይህንን ካሜራና ኮምፒዩተር ያግዛል። በመንደር ግን የሚፈርደው አብሮህ የመጣ ጓደኛህ ነው፤ ማታም በመኪና ወደ ቤት የምታደርሰው ወይም የሚያደርስህ።

እኔ አንድ ጊዜ ለገዛ ካፒቴናችን ጣቴን አንስቻለሁ። ውጣ ማለት ነው። ገና ስምንት ረን ላይ ነበር። ምንም አላለኝም። በሻይ ሰዓትም፣ ሁለቱ ቡድኖች በጨዋታው መሃል አብረው ሲበሉ፣ ምንም አላለኝም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ከፈተ፤ ሬዲዮ ከፍቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ሳማው ጥግ ተመደብኩ። እንግዲህ ፍርድ ይህን ያህል ያስከፍላል።

አዎ፣ አጭበርባሪ ክለብ አለ። በየሊጉ በጓደኛው ላይ ኤልቢደብሊው ፈጽሞ የማይፈርድ ክለብ የትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስሙ ሲነሳ ፈገግ ይባላል። ግን ጸሐፊው ያላዩት አንድ ነገር አለ። ከሁለቱም ክለቦች አንዳንድ ነጥብ መዝጋቢ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዷን ኳስ ይጽፋሉ፤ በየኦቨሩ መጨረሻም መዝገባቸውን ያመሳክራሉ። ረን መስረቅ ቀላል አይደለም። የሚሰረቀው ፍርድ ብቻ ነው። እሱን የሰረቀ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሜዳ ተመልሶ መርገጡ አይቀርም።

«የጌቶች ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ቦታ የለውም»

ይህ ከሁሉም ክሳቸው ከባዱ ነው። እውነትም አለበት፤ የተቀመጠው ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ከእኛ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ሃምብልደን የምትባል መንደር አለች። ከ1760ዎቹ እስከ 1780ዎቹ የእንግሊዝ ክሪኬት እምብርት የነበረው ክለብ የእሷ ነው። የሚጫወቱት ብሮድሃፍፔኒ ዳውን በሚባል ኮረብታ ላይ ነበር። ካፒቴኑ ሪቻርድ ናይረን የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበር። ከታላላቅ መቺዎቻቸው አንዱ ጆን ስሞል ጫማ ሰፊ ነበር፤ ባትና ኳስም ይሠራ ነበር። በ1777 ከየአካባቢው ተመርጦ በሃምብልደን ስም የተሰለፈው ቡድን የቀረውን እንግሊዝ በአንድ ኢኒንግስ (በአንድ ሙሉ የመምታት ተራ) እና በ168 ረን አሸነፈ። ጄምስ ኤልዋርድ ብቻውን 167 ረን መታ። ገንዘቡን የሚያወጡት፣ ውርርዱን የሚያስይዙት ግን ባላባቶች ነበሩ። ሜዳው ውስጥ ጌታና ጫማ ሰፊ አብረው ላባቸውን ያፈሳሉ፤ ከሜዳ ሲወጡ ጌታው ጌታ፣ ጫማ ሰፊው ጫማ ሰፊ።

እኛም አገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ተረቱ የሚናገረው ስለዚያ አንድ ቀን ነው። በማግስቱ ጌታ እንደሚቆጣ የማያውቅ የለም። የእንግሊዝ ክሪኬትም እንደዚሁ ነው። በከፍተኛው ደረጃ እስከ 1962 ድረስ ያለ ደመወዝ የሚጫወቱ «ጀንትልመን»፣ ለደመወዝ የሚጫወቱ ደግሞ «ፕሌየርስ» ተብለው ይለዩ ነበር።

አሁንስ? በ2023 በሲንዲ በትስ የተመራ ገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርቱን አውጥቷል። በእንግሊዝና ዌልስ ክሪኬት ውስጥ ዘረኝነት፣ የጾታና የመደብ አድልዎ ተንሰራፍቷል ብሎ ደመደመ። የአገሪቱ የክሪኬት ቦርድም ይቅርታ ጠይቋል። ጸሐፊው ይህን ሪፖርት ቢያነሱ ኖሮ ክሳቸው አጥንት ይኖረው ነበር። እሳቸው ግን ሜዳ ዳር ባዩት የሁለት ሰዎች ኮፍያና በአንድ ላብራዶር ውሻ ፈረዱ።

በሩ የሚጠበው ወደ ላይ ስትወጣ ነው። ቦርዱ በ2018 ባወጣው ዕቅድ መሠረት ለመዝናናት ከሚጫወቱት 30 በመቶ ያህሉ የደቡብ እስያ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። በባለሙያዎቹ መካከል የነበራቸው ድርሻ ግን በጣም ያነሰ ነበር። በዮርክሻየር ያሉ ፓኪስታናውያን በ1980ዎቹ የራሳቸውን ሊግ ይዘው ብቅ ያሉት ነባሮቹ ክለቦች እጃቸውን ዘርግተው ስላልተቀበሏቸው ነው። ይህ ቁስል ነው፤ አልክደውም።

እታች፣ ሦስተኛው ቡድን ዘንድ፣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሦስተኛው ቡድን ዘር የመምረጥ ቅንጦት የለውም። አስራ አንድ ሰው መሙላት አለበት! በእኛ ቡድን ከሕንዷ ኬረላ የመጣ ነርስ አለ፣ ከአፍጋኒስታን ተሰዶ የመጣ ወርዋሪ አለ፣ ገበሬ አለ፣ እኔ አለሁ። አፍጋኑ ኳስ ሲይዝ ገበሬው እንደ ልጁ ያጨበጭብለታል። የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ጆሮ የሚያሳክክ ቀልድ ሰምቼ አላውቅም ግን አልልም። ሰምቻለሁ፤ መልስም ሰጥቻለሁ።

ለሐበሻ ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ፍልሰታ የምትውለው ነሐሴ ላይ፣ የውድድሩ ጡዘት ላይ ነው። በሻይ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ የእንቁላል ሳንድዊች፣ የቅቤ ኬክ፣ ክሬም ይደረደራል። አንተ ሙዝህን ይዘህ ጥግ ትቀመጣለህ። ለምን እንደማትበላ ለማስረዳት የምታጠፋው ጊዜ ከመብላቱ ይበልጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አንድ ሰው ሳይጠየቅ ቅቤ ያልተቀባ የኪያር ሳንድዊች ለብቻ ሠርቶ በወረቀት ጠቅልሎ አቆየልኝ።

«የሰው መስኮት እየሰበሩ መጫወት ጥጋብ ነው»

እውነት ነው፣ ኳስ ከሜዳ ይወጣል። በአየር ላይ እንዳለ ድንበሩን ካለፈ ስድስት ረን ያስገኛል፤ ማንኛውም መቺ የሚመኘው እሱን ነው። ድንበሩ ማዶ ደግሞ የሰው ቤት አለ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም፤ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ደራም አውራጃ ሊንትዝ በምትባል መንደር ለሰባ ዓመት ገደማ ክሪኬት ሲጫወቱ ኖረዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሜዳው አጠገብ አዳዲስ ቤቶች ተሠሩ። ቤት የገዙ አንድ ባልና ሚስት ኳስ ግቢያቸው እየገባ አስቸገራቸው። ክለቡ አጥሩን ከፍ አደረገ፤ የተሰበረውን ልክፈል፣ ግቢያችሁ ላይ መረብ ልዘርጋ አለ። እነሱ አልተስማሙም፤ ከሰሱ። የመጀመሪያው ዳኛ ጨዋታው ይቁም ብሎ ፈረደ። በ1977 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እገዳውን አነሳና 400 ፓውንድ ካሳ ይከፈላቸው አለ። ሎርድ ዴኒንግ ፍርዳቸውን የጀመሩት «በበጋ የመንደር ክሪኬት የሁሉም ሰው ደስታ ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው።

ክሪኬተኞች ይህችን ዓረፍተ ነገር ይወዷታል። እኔ ግን አልወዳትም። የሁሉም ደስታ ቢሆንማ ኖሮ ባልና ሚስቱ ምን ፍርድ ቤት አቆማቸው? ቅዳሜ ከሰዓት በገዛ ጓሮህ ልጅህን ማጫወት ካልቻልክ የዳኛ ግጥም አያጽናናህም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። «ጥጋብ» ሲሉ ነው የምንለያየው። ዌስት ሳሴክስ ውስጥ ከ1790 ጀምሮ ሳውዝዊክ ግሪን ላይ የሚጫወት ክለብ በ2024 ምን እንዳደረገ ይመልከቱ። ጎረቤቶች ስለ መስኮትና ስለ መኪና አቤት ሲሉ ክለቡ ስድስት መምታትን ከለከለ። የመጀመሪያዋ ረን አታስገኝም፤ በሁለተኛዋ መቺው ከጨዋታ ይወጣል። የጨዋታውን ትልቁን ደስታ ለጎረቤት ሲል በገዛ እጁ የቆረጠን ክለብ ጥጋበኛ ማለት ይከብዳል። ብዙ ሰው ስቆባቸዋል። ስድስት መምታት የሚችሉት በሳቁ ጊዜ ሳያዝኑ አልቀሩም። እኔን አልነካኝም፤ ከእኔ ባት ኳስ ያን ያህል ርቆ አይሄድም።

«ሴቶቹ ሳንድዊች ይሠራሉ»

ለብዙ ዘመን እውነት ነበር። የተጫዋቾች ሚስቶችና እናቶች ሌሊት እንቁላል ሲቀቅሉ፣ ቅዳሜ ዕቃ ሲያጥቡ ኖረዋል። ምስጋናው ጭብጨባ ነበር። የሚገርመው ግን ሴቶች ራሳቸው በጨዋታው ውስጥ ጥንት ነው ያሉት። በ1745 በሰሬይ አውራጃ ጎስደን ኮመን በተባለ ሜዳ የብራምሌይና የሃምብልደን ሴቶች ነጭ ለብሰው ተጋጥመዋል፤ ብራምሌይ ሰማያዊ ሪባን፣ ሃምብልደን ቀይ። ሃምብልደን 127 ለ 119 አሸነፈች። (ይህች ሃምብልደን ከላይ ያነሳኋት አይደለችም፤ ስም ብቻ ነው የሚጋሩት።)

በ2020 በኮቪድ ምክንያት የጋራ ሻይ ቆመ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ብዙ ሊጎች ግዴታነቱን አነሱት። አሁን ብዙ ቦታ እያንዳንዱ ምሳውን በሣጥን ይዞ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ «ጨዋታው ሞተ» ብለው አለቀሱ። እኔ ሴቶቹ ወገባቸው ስላረፈ ደስ ብሎኛል። በእኛ ክለብ ሻይ ሳይቋረጥ የቆየው በተራ ስለሚሠራ ነው፤ ወንዱም ይቆርጣል፣ ወንዱም ያጥባል። ከፋም ለማም የወንዶቹ ሳንድዊች ወፍራም ነው።

ጸሐፊው ያላዩት

አሁን ወደ እውነተኛው ጉዳት ልምጣ።

ዓርብ ማታ። ስልኩ ይንጫጫል። «ይቅርታ፣ ጀርባዬን አሞኛል።» «ሠርግ እንዳለብኝ ረስቼው።» ካፒቴኑ አራት ሰዓት ላይ ሰው ይለምናል። የጎረቤቱን ልጅ፣ አሥር ዓመት ያልተጫወተውን አማቹን ይጠራል። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰው የምንጫወትበት ጊዜ አለ። ሁለት ሰው የጎደለው ሜዳ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚያውቀው ኳስ ያሳደደ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ መንደሩ ራሱ። በብዙ ቆንጆ መንደሮች የቤት ዋጋ ጣራ ስለነካ እዚያ የተወለደ ወጣት እዚያ መኖር አልቻለም። የእኛ ክለብ የመንደሩን ስም ይዟል እንጂ ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ከከተማ በመኪና ነው የምንመጣው። ሣሩን የሚያጭዱት፣ ከባዱን መዳመጫ የሚገፉት ሰው ያለ ክፍያ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። የሚተካቸው አልተገኘም። እሳቸው ቢደክሙ ሜዳው በአንድ በጋ ወደ ጫካነት ይመለሳል።

ሦስተኛው፣ ቤት። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም ድረስ ቅዳሜ የለህም። ክርስትና፣ ሠርግ፣ የልጅ ልደት፣ ሁሉም ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ «የክሪኬት መበለት ሆንኩ» ብላ ለእናቷ ስትናገር ሰምቻታለሁ። ሳቄ አልመጣም። አሁን በወር አንድ ቅዳሜ ቤት እውላለሁ፤ ካፒቴኑ አልወደደውም፣ እሱም ቤት ስላለው ግን ገብቶታል። ጸሐፊው በዚህ ቢከሱን ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ዝናቡን አልጨምረውም። ዝናቡን ማንም ያውቀዋል።

እግር ኳሱን በተመለከተ፣ ምክራቸውን በደስታ በተቀበልኩ። ግን የሐበሻ ቡድናችን ጉልበቴ ሲደክም ውሃ አቀባይ አድርጎኝ ነው ክሪኬት ፍለጋ የሄድኩት። ጸሐፊው ሁለተኛ ቅዳሜ ለመስጠት ፈቃደኛ ከሆኑ ጨዋታው የሚጀምረው በእኛ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ነጭ ሱሪ አውሳቸዋለሁ። ሰው እንደሆነ መጉደሉ አይቀርም።